«ሥራ ገባሁ!» ያለች ጓደኛ ምን ምን ነገረችን?

በዛሬው የሕይወት ክህሎት ትምህርታችን ስለ ሥራ እንጨዋወታለን። «ኧረ እኛ ገና ተማሪዎች ነን» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከመካከላችሁ በክረምት ሱቅ የሚቀመጥ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ፣ ታክሲ ላይ ረዳት የሚሆን ስንቱ ነው! ትምህርት አቋርጦ ወደ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ወደ ባቱ (ዝዋይ) የአበባ እርሻዎች የሄደ የክፍል ጓደኛም ይኖራችሁ ይሆናል። የመጀመሪያ ሥራ ትልቅ ደስታ ነው። ያንን ደስታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከማንም በፊት የምናካፍለው ለጓደኛ ነው።

ጓደኛችን ሥራ መግባቷን ስትነግረን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስንት ነው ደመወዙ?» ብለን ብቻ ካለፍን ብዙ ነገር ያመልጠናል። ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች ብዙ ሰምታችኋል፤ በእንቅልፍ ልባችሁ ብትጠየቁም ትቆጥሯቸዋላችሁ። ሰው ለቫይረሱ የሚጋለጠው ግን መንገዶቹን ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ማታ በማን መኪና እንደሚሄድ፣ የማን ዕዳ እንዳለበት፣ «እምቢ» ቢል ምን እንደሚያጣ፣ እነዚህ ሁሉ ይወስናሉ። እነዚህን ነገሮች ከቤተሰብም ከአሠሪም ቀድሞ የሚሰማው ጓደኛ ነው። ስለዚህ ጓደኛ መስማት መቻል አለበት።

ለትምህርቱ እንዲያመቸን ሁለት ጓደኛሞች እናስብ፤ ስማቸውን ሜሮንና ሀያት እንበላቸው። ሀያት ወላይታ ሶዶ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሜሮን የ17 ዓመት ልጅ ስትሆን ትምህርቷን አቋርጣ ሀዋሳ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። አንድ ቀን ለሀያት በቴሌግራም እንዲህ ስትል ጻፈችላት፦

«ሀያትዬ እንዴት ነሽልኝ? እናትሽ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስሚ ልንገርሽ፣ ሥራ ገባሁ! ሬስቶራንት ውስጥ ካሸር ሆንኩልሽ። ያስገባኝ የአክስቴ ጎረቤት የሚያውቀው ሰውዬ ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ግን ሙከራ ላይ ነሽ ስላሉኝ ሙሉውን የሚሰጡኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የምገባው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ የምንዘጋው ደግሞ እንደ ገበያው፤ ብዙ ጊዜ ማታ 5 ሰዓት ይሆናል። አታስቢ፣ ሥራ አስኪያጁ በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ ሲመሽ በመኪናው ያደርሰኛል። ይሄን ስልክም የገዛልኝ እሱ ነው፣ ከደመወዝሽ ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ ብሎኝ። ውል ገና አልፈረምኩም። የጤና ምርመራ አምጪ ብለውኛል፣ የኤች አይ ቪም አለበት፤ ሰኞ እሄዳለሁ። ለማሚ እንዳትነግሪብኝ፣ ትምህርቷን ተወች ብላ ታዝናለች። የማታ እማራለሁ እኮ! ደሞ አንቺም ትምህርት ሲዘጋ ነይ፣ ቦታ አለ ብሎኛል።»

እስቲ መልእክቱን መልሳችሁ አንብቡት። ደስታዋ እውነት ነው፤ ያንን ማጣጣል አይገባም። ሆኖም በዚህች አጭር መልእክት ውስጥ ሜሮን ሳታስበው የነገረችን ብዙ ነገር አለ።

ያስገባት ሰው ማን ነው?

«የአክስቴ ጎረቤት የሚያውቀው ሰውዬ» ትላለች። ይህ በራሱ ክፉ ምልክት አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ቦስተን አጠገብ በምትገኝ ኒውተን የምትባል ከተማ በትውውቅ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱም የቅርብ ጓደኛችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ብዙም የሚለይ አይመስለኝም። ሥራ በሩቅ ትውውቅ ይመጣል፤ ግን የሩቅ ሰው ስለ እኛ አይጨነቅም፣ ስለ ቦታውም ሁሉን ላይነግረን ይችላል። «ቦታው እንዴት ነው? ከአንቺ በፊት የነበረችው ካሸር ለምን ለቀቀች?» ብሎ የሚጠይቅ የቅርብ ሰው ያስፈልጋል። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ጥሩ ጥያቄ ናት። መልሱን አብረዋት ከሚሠሩት ልጆች በአንድ ቀን ማግኘት ይቻላል።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓት አይታዘዝም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ማሠራት የተከለከለ ነው። በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላትም እንዲሁ።

ሜሮን 17 ዓመቷ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 5 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ዘጠኝ። ሁለት ሰዓት ትርፍ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት። (የማታ ትምህርቱ የት ገባ? እሷም ሳታስተውለው ቀርታ ይሆናል።)

የሙከራ ጊዜ የሚባለው ነገርም አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት መደረግ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም ሊበልጥ አይችልም። ሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን ካለው ይህ አሥር ሳምንት ያህል ነው። ሜሮን ግን ምንም አልፈረመችም፣ የተነገራት ደግሞ ሦስት ወር ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ቢሆን ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በስተቀር መብቱና ግዴታው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው። «ሙከራ ላይ ነሽ» የሚለው ቃል ብቻውን ደመወዝ መቁረጫ ሊሆን አይገባም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

የጤና ምርመራውን ሁለት ቦታ ከፍለን እንየው። ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው የጤና ምርመራ እንዲያደርግ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ በምግብ የሚተላለፉ በሽታዎች አሉና። ኤች አይ ቪ ግን በምግብ፣ በብርጭቆ፣ በገንዘብ ቅብብል፣ በሳል ወይም መጸዳጃ ቤት በመጋራት አይተላለፍም። ስለዚህ ለካሸርም፣ ለአስተናጋጅም፣ ለወጥ ቤትም የኤች አይ ቪ ውጤት ከሥራው ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ሠራተኛ በበቂ ምክንያት የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ሲጠየቅ የኤች አይ ቪ ምርመራ ከዚያ ውጪ መሆኑን ሕጉ ይገልጻል። ይህ ነጥብ ቀደም ሲል በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይም የተቀመጠ ነበር። በሠራተኞች መካከል በኤች አይ ቪ ምክንያት ልዩነት ማድረግም ለአሠሪ የተከለከለ ድርጊት ነው።

እንግዲህ ሜሮን ሰኞ ምን ታድርግ? ሌላውን ምርመራ ታድርግ። የኤች አይ ቪውን ግን «ሕጉ አያስገድደኝም» ማለት ትችላለች። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ መመርመር ጥሩ ነው እየተባልን አልነበር እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ጥሩ ነው። ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በራሱ ፈቃድ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ የምክር አገልግሎት አግኝቶ መመርመር ይችላል። ልዩነቱ የውጤቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በፈቃድ ስንመረመር ውጤቱ የራሳችን ነው፤ ለቅጥር ተብሎ ሲሆን ግን ወረቀቱ በአስተዳደሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም በካፌው ውስጥ ይዞራል።

መኪናው፣ ስልኩና «አትንገሪብኝ»

ከመልእክቱ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ እውነትም ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ልጅቷ በጨለማ ብቻዋን እንዳትሄድ ብሎ ይሆናል የሚያደርሳት። እዚህ ላይ ሰውየውን መወንጀል የእኛ ሥራ አይደለም። ይልቅስ ሁኔታውን ልብ በሉ፦ ደመወዟን የሚወስነው፣ ማታ ቤቷ የሚያደርሳት፣ የስልኳን ዕዳ የያዘው፣ ለጓደኛዋም ሥራ ቃል የገባው አንድ ሰው ነው። እናቷ አታውቅም። ውል የለም። ይህ ሰው ነገ ሌላ ነገር ቢጠይቃት «እምቢ» የማለቷ ዋጋ ስንት ይሆናል? ሥራዋን፣ ስልኳን፣ የማታ መጓጓዣዋን በአንድ ጊዜ ልታጣ ነው።

ስለ ኮንዶም አጠቃቀም በሚገባ የተማረች ልጅ እንኳ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ «ኮንዶም ካልተጠቀምክ አይሆንም» ለማለት አቅም ያንሳታል። ተጋላጭነት የምንለው ይህንን ነው። መፍትሔውም ገመዶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነው። የስልኩን ዕዳ በወረቀት አስፍሮ ቶሎ መክፈል፣ ማታ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ባጃጅ ተጋርቶ መሄድ፣ ከ4 ሰዓት በፊት ለመውጣት መጠየቅ፣ ቢያንስ ለአክስቷ ሁሉን መናገር። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ ጥቃቱን የፈጸመው አሠሪው ወይም ሥራ አስኪያጁ ከሆነ ሠራተኛዋ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሣ መጠየቅ ትችላለች። አቤቱታ የሚቀርበው በከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጥቃት ከሆነ ደግሞ ለፖሊስ።

ነገሩ ከዚህ አልፎ የመደፈር አደጋ ቢደርስ ሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል። ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ ወይም የተቀየረውን ይዘው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይሰጣል፣ ቶሎ ሲሆን ግን ይበልጥ ይሠራል። «ሰው ምን ይለኛል» እያለች ሦስት ቀን ያለቀሰች ልጅ መድኃኒቱ ያመልጣታል። እጇን ይዞ «ተነሺ እንሂድ» የሚላት ጓደኛ ያስፈልጋታል።

ሀያት ምን ብላ ትመልስ?

ብዙዎቻችን የምንመልሰው ከሁለት አንዱን ነው። አንደኛው «ዋው! እኔም መጣሁ!» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አብደሻል እንዴ? ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አይገባሽም? ሞኝ!» የሚል ነው። ሁለተኛው ብልህ ይመስላል እንጂ ከአንደኛው አይሻልም። ሜሮን በዚያው ቀን መናገር ታቆማለች። ቀጥሎ ችግር ቢመጣ «ብዬሽ ነበር» እንዳትባል ትደብቃለች። ቅናት ነው ብላ ልታስብም ትችላለች።

ሀያት እንዲህ ብትልስ?

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እህት! አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሒሳብ ላይ ድሮም ጎበዝ ነሽ። አሁን ሁሉንም ንገሪኝ፣ ቤቱ ስሙ ማን ነው? የት ሰፈር ነው? ሎኬሽን ላኪልኝ። ማታ አብረውሽ የሚወጡ ሴቶች አሉ? ውሉን ቶሎ አስፈርሚያቸው፣ ሳትፈርሚ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና አብረን እናንብበው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ለቅጥር ግዴታ እንዳልሆነ ክበባችን ውስጥ ተምረናል፣ አትስጫቸው። በመኪና መሄዱ ግን ትንሽ አሳሰበኝ፤ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ባጃጅ ብትጋሩ ይሻላል። ስትገቢ ሁሌ 'ገባሁ' በይኝ። ለእናትሽ እኔ አልነግርም፣ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ግን ስልክሽ ሁለት ቀን ካልሠራ ለአክስትሽ እደውላለሁ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።»

ሀያት አልሰበከችም፣ አላስፈራራችም። ደስታውን ተቀበለች፣ ጠየቀች፣ የምታውቀውን ነገረች። ምስጢሩን በተመለከተም ልክ ነች። የጓደኛን ምስጢር መጠበቅ ማለት አደጋ ሲመጣ ዝም ማለት አይደለም፤ መቼ እንደምትናገር አስቀድማ ማሳወቋ ደግሞ ሜሮን «ከዳችኝ» እንዳትል ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አዋጅ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ጓደኛችሁ የገባችበት ሥራ የቤት ሠራተኝነት ከሆነ የውሉና የሰዓቱ ከለላ ይሳሳል፤ ስለዚህ የእናንተ ስልክ መደወል ይበልጥ ዋጋ አለው። መደፈርና ድብደባ ግን የትም ቦታ ወንጀል ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ሰፊ ጉዳይ በመሆኑ ለሌላ እትም እንተወው፤ ለጊዜው ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው ለሥራ ወደ ውጭ እንዲሄድ ሕጉ እንደማይፈቅድ ብቻ ያዙልኝ።

«ጋብዘን እንጂ!»

ወንዶቹ እስካሁን «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው» እያላችሁ ከሆነ ተራችሁ ደርሷል። ወንድ ልጅ ሥራ መግባቱን ሲነግረን የምንለው ምንድን ነው? «ጋብዘን!» የመጀመሪያው ደመወዝ በወጣ ማግስት ጫቱ ይመጣል፣ ከዚያ ቢራው፣ ከዚያ ደግሞ «ወንድ ከሆንክ ዛሬ እናያለን» የሚለው ፉከራ። ልጁ በዚያች ሌሊት ላያስበው የነበረ ቦታ ይገባል። ገፍቶ የላከው አሠሪ አይደለም፤ እኛ ነን። በጂቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ ደግሞ አዳሩ በየከተማው ነው፣ ቤተሰብ አያየውም፣ ቀን የሠራውን ማታ ኪሱ ውስጥ ያገኘዋል። መታቀብ የወሰነ ከሆነ ውሳኔውን የሚያከብርለት፣ ያልወሰነ ከሆነም ኮንዶም እንዳይረሳ የሚያስታውሰው ጓደኛ ያሻዋል። ጋብዘን ማለታችን ባይቀር እንኳ ቁርስ ጋብዘን እንበል፤ ፉል ማንንም ገድሎ አያውቅም።

ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለበት ጓደኛ ሥራ ሲገባ

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ልጆች በመድኃኒቱ አድገው ዛሬ ከእናንተ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች ሆነዋል፤ ሥራም ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱ «ሥራ ገባሁ» ብሎ ሲነግራችሁ፣ ስለ ጤናውም ቀድሞ አምኗችሁ ነግሯችሁ ከሆነ፣ የእናንተ ድርሻ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ፣ ለአሠሪው የመናገር ግዴታ የለበትም። እናንተም «ለእነሱ ግን ብትነግራቸው ይሻላል» እያላችሁ አትግፉት፤ መንገር አለመንገር የእሱ ምርጫ ነው። ሁለተኛ ነገር መድኃኒቱ ነው። አዲስ ሥራ የሰዓት ልማድን ያፋልሳል፤ ድሮ ማታ 2 ሰዓት ቤቱ ሆኖ ይውጥ የነበረ ልጅ አሁን በዚያ ሰዓት ትሪ ተሸክሞ ይሆናል። ከጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ለፈረቃው የሚመች ሰዓት መምረጥ ይችላል። ጤንነቱ የተረጋጋ ከሆነም መድኃኒቱን የ3 ወይም የ6 ወር አድርገው ሊሰጡት ስለሚችሉ በየወሩ ፈቃድ መጠየቅ ላይጠበቅበት ይችላል። ከተማ የሚቀይር ከሆነ የዝውውር ወረቀት ይዞ ሄዶ እዚያው ባለ ጤና ተቋም መቀጠል አለበት። በሩቅ ከተማ ሥራ ጀምሮ መድኃኒቱ ሲያልቅ «በኋላ አመጣለሁ» እያለ ማቋረጥ ትልቅ ጉዳት ነው። መድኃኒቱን በሚገባ እየወሰደ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። «መድኃኒቱን ውጠሃል?» ብሎ ሰው ፊት መጠየቅ ግን አይሆንም። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ቃል ይኑራችሁ፤ «ምሳ በላህ?» እንኳ ይበቃል።

ለፀረ ኤድስ ክበባችሁ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዳችሁ አዲስ ሥራ እንደገባችሁ አድርጋችሁ ለሌላው ደብዳቤ ጻፉ፤ አንዱ በጋራዥ፣ አንዷ በልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ አንዱ በመኪና ረዳትነት፣ አንዷ በሰው ቤት ይሁን። ደብዳቤው በክበቡ ፊት ይነበብ፣ አድማጮቹም ጸሐፊው ያልነገረን ምንድን ነው የሚለውን ይፈልጉ። ከዚያ ተቀባዩ ሳይሰድብና ሳይሰብክ መልስ ይጻፍ። በሚኒ ሚዲያችሁ የምታቀርቡት ከሆነ የእውነተኛ ልጆችን ስምና ታሪክ እንዳትጠቀሙ አደራ።